ከሸክላ እስከ ጀሞ፦ ስለ ድምፅ ጥራት የተነሡ እምነቶችና ክርክሮች

በአዲስ አበባ ደቡብ ምዕራብ፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ጀሞ በጋራ መኖሪያ ቤቶቹ የታወቀ ሰፈር ነው። ጀሞ አንድ፣ ጀሞ ሁለት፣ ጀሞ ሦስት እየተባሉ በተራ ቁጥር የተሰየሙት ሕንፃዎች ሰው ሲገባባቸው፣ ከየአቅጣጫው የመጣው ቤተሰብ ከአልጋውና ከቁም ሣጥኑ ጋር ቴፑንና ስፒከሩን፣ አንዳንዱም ከአባቱ የወረሰውን የሸክላ ማጫወቻ ተሸክሞ ደረጃ ወጥቷል። ስለዚህም በአንድ ደረጃ በሚገናኙ ቤቶች ውስጥ የሦስት ዘመን የድምፅ መሣሪያ ጎን ለጎን ቢገኝ አያስገርምም። ከመሣሪያው ጋርም የሦስት ዘመን እምነት አብሮ ይኖራል።

አንደኛው ጎረቤት፣ «የሸክላን ድምፅ የሚያህል የለም፤ ከሲዲና ከስልክ የሚወጣው ነፍስ የለውም» ይላል። ሁለተኛው በመሣሪያው ፊት ላይ የተለጠፈውን የዋት ቁጥር እንደ ማዕረግ ይጠራል። ሦስተኛው ደግሞ ልዩ ሽቦና በወርቅ የተለበጠ መሰኪያ ካልተገዛ ሙዚቃ ሰማሁ ማለት ከንቱ ነው ባይ ነው። አራተኛው፣ ግድግዳ የሚጋራቸው ጎረቤት፣ የሁሉንም ክርክር ካዳመጠ በኋላ ከምሽቱ አራት ሰዓት ወዲህ ቀነስ እንዲደረግለት ብቻ ይለምናል። ከአራቱ ስለ ድምፅ ትክክለኛውን ጥያቄ ያነሣው እርሱ ሳይሆን አይቀርም።

ክርክሩ ተራ የሰፈር ጨዋታ ይመስላል። ይሁን እንጂ ረጅም ታሪክ አለው፤ ውጤቱም ከጨዋታ ያለፈ ነው። የአንድ ሕዝብ ድምፅ ያለው በክር፣ በሸክላና በፋይል ላይ ነው። ከእነዚህ የትኛው በክብር እንደሚቀመጥ፣ የትኛው ለውጭ ገበያ እንደሚሸጥ፣ የትኛውም ከቆሻሻ ጋር እንደሚጣል የሚወስነው ሰው ስለ መሣሪያና ስለ ጥራት ያለው እምነት ነው። እምነቱ ከየት እንደ መጣ ሳይመረመር ቅርሱን በአግባቡ መያዝ አስቸጋሪ ይሆናል።

የኢትዮጵያ ቤተ መንግሥት ከተቀረጸ ድምፅ ጋር የነበረው ዝነኛ ግንኙነት የሚጀምረው በ1890 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት ነሐሴ ላይ የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ለዳግማዊ ምኒልክ የላኩትን የወዳጅነት ቃል በፎኖግራፍ ሰም ላይ ቀረጹ። መልእክቱ በእንግሊዝ መንግሥት ወኪል በሐርንግተን በኩል አዲስ አበባ ደረሰ። ንጉሠ ነገሥቱ ድምፁን ቆመው እንዳዳመጡና ለክብሩም መድፍ እንዳስተኮሱ ተመዝግቧል። ከተደመጠ በኋላ ሰሙ በንግሥቲቱ ፈቃድ እንዲጠፋ ተደረገ። በ1891 ዓ.ም. ደግሞ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ በተራቸው ቃላቸውን ቀርጸው ላኩ፤ የእነርሱ ቀረጻ ከጥፋት ተርፎ ለዛሬው ትውልድ ደርሷል።

በዛሬው መለኪያ የዚያ ሰም ድምፅ እጅግ ደካማ ነበር። ወፍራሙን የድምፅ ክፍል አይዝም፤ ቀጭኑንም ይቆርጠዋል፤ በዚህ ላይ የመርፌው መፋተግ ያለማቋረጥ ይሰማል። ሆኖም የቆሙት ንጉሥ ስለ ጎደለው ድምፅ አልጠየቁም። ለእርሳቸው ዋናው ነገር ድምፁ የማን መሆኑና የተላከውም ለማን እንደ ሆነ ነበር። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ የምዕራቡ ገበያ «ሃይ-ፋይ»፣ ማለትም «ከፍተኛ ታማኝነት» የሚለውን ስያሜ ሲያስፋፋ፣ ታማኝነቱ ለምን ነገር እንደ ሆነ ግልጽ አላደረገም። ለተናጋሪው ነውን? ለመሣሪያው? ወይስ ለገዢው ምኞት? የኋላው ክርክር ሁሉ ከዚህ ጥያቄ አይርቅም።

ከ1900 እስከ 1902 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ወደ ጀርመን ሄደው ሳለ ዘፈናቸውን በማሲንቆ አጅበው በሸክላ አስቀረጹ። የመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ሸክላዎች እነዚህ ናቸው። የኤሌክትሪክ ማይክሮፎን በሸክላ ቀረጻ ላይ በስፋት የዋለው እ.ኤ.አ. ከ1925 ጀምሮ ስለሆነ፣ ነጋድራስ ተሰማ የዘፈኑት እንደ መለከት አፍ ወደ ሰፋ ቀንድ ነው። የድምፃቸው ኃይል ራሱ መርፌውን እያንቀጠቀጠ ጎድጓዳ መሥመር ይጭር ነበር። በዚህ ዘዴ ከበሮ ይደፈናል፤ የዘፋኝ ጉሮሮና የማሲንቆ ጭራ ግን በቀንዱ በኩል በሚገባ ያልፋሉ። የማሲንቆ ድምፅ ቀንዱ ሊቀበለው በሚችለው መካከለኛ ክልል ላይ የሚውል በመሆኑ፣ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ ያላቸው ቀረጻዎች ዛሬም ቃላቸው ተለይቶ ይደመጣል። ቀረጻዎቹ በ«ኢትዮፒክስ» ተከታታይ ሃያ ሰባተኛ ቅጽ እንደገና ወጥተዋል።

እዚህ ላይ ስለ ስያሜው ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። የዚያ ዘመን ሸክላ የተሠራው ሼላክ ከተባለ፣ ከነፍሳት ከሚገኝ ሙጫ ነው። ከእጅ ሲወድቅ እንደ ጀበና ይሰበራል። ሕዝቡ «ሸክላ» ያለው በስብራቱ ምክንያት ይሁን ከባዕዱ ቃል ጋር ድምፁ ስለ ተቀራረበ፣ ስሙ በሁለቱም ወገን ሰምሮለታል። በኋላ የማይሰበረው ፕላስቲክ ሲመጣ ስሙ ብቻ ሸክላ ሆኖ ቀረ። ነገሩ ሲለወጥ ስሙ ሳይለወጥ የመቅረቱን ያህል እምነትም እንዲሁ ይቀራል፤ ይህም ወደፊት በሰፊው ይታያል።

ነጋድራስ ተሰማ ከተቀረጹ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ከ1915 ጀምሮ፣ የኤዲሰን ኩባንያ በአሜሪካ ከተሞች አንድ ዓይነት ትርኢት ያዘጋጅ ነበር። ዘፋኟ ከማጫወቻው አጠገብ ትቆማለች፤ መብራቱ ይጠፋል፤ ዘፈኑ ይቀጥላል። መብራቱ ሲበራ ዘፋኟ ከመድረኩ የለችም፤ የሚዘፍነው መሣሪያው ነው። ተመልካቹ ልዩነቱን ሳላውቅ ቀረሁ ብሎ ይደነቅ ነበር። ይሁንና ከዘፋኞቹ አንዷ አና ኬስ በኋለኛው ዕድሜዋ እንደ ተናገረችው፣ በትርኢቱ ላይ ድምፅዋን ከመሣሪያው ድምፅ ጋር እንዲመጣጠን ትቆጥበው ነበር። እንግዲህ መሣሪያው ሰውን መሰለ ሲባል፣ ሰው መሣሪያውን መስሎ ነበር ማለት ነው። ይህ ኑዛዜ በድምፅ ንግድ ታሪክ ውስጥ ከተነገሩት ቃሎች ሁሉ ይበልጥ አስተማሪው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ከጀሞ በስተ ምሥራቅ በምትገኘው በአቃቂ የራዲዮ ማሠራጫ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1935 ነው። ከነጻነት በኋላም በ1933 ዓ.ም. ሥርጭቱ ሲቀጥል፣ ራዲዮ ለመግዛት አቅም ያልነበረው ሕዝብ በየአደባባዩ ከተሰቀሉ ድምፅ ማጉያዎች ሥር ቆሞ ያዳምጥ ነበር። በኋላ በ1955 ዓ.ም. የብሥራተ ወንጌል ራዲዮ ጣቢያ በአዲስ አበባ ተከፈተ፤ ጣቢያው በ1969 ዓ.ም. ተወርሶ ስሙ እስኪለወጥ ድረስ በአጭር ሞገድ ርቆ ይሰማ ነበር። በራዲዮ ዘመን የአድማጩ ጥያቄ «ይይዛል ወይስ አይዝም?» የሚል ነው። ከጣራ ላይ ረጅም ሽቦ መዘርጋት ይጠቅማል ይባል ነበር። እውነትም ይጠቅማል። የሩቁን ሞገድ የሚቀበለው ሽቦው ነውና ርዝመቱና ከፍታው ልዩነት ያመጣል። ስለ ሽቦ ያለው ክብር በብዙ ቤት የተተከለው ከዚህ ትክክለኛ ልምድ ይመስላል።

በዚያው ዘመን በውጭው ዓለም የባለሙያዎች ክርክር ተጧጡፎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1945 ቺንና አይዘንበርግ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ባደረጉት ፈተና፣ አብዛኛው የራዲዮ አድማጭ ሙሉ ስፋት ካለው ድምፅ ይልቅ ጠበብ ተደርጎ የተቆረጠውን መረጠ። ሕዝቡ የራዲዮን ጠባብ ድምፅ ለምዶታልና ጥራት አይፈልግም የሚል መደምደሚያ ተሰጠ። ሃሪ ኦልሰን የተባለው መሐንዲስ ግን ይህን አልተቀበለም። በ1947 ድምፅ ማጉያ የሚባል ነገር ሳይኖር፣ በሕይወት ያለ ኦርኬስትራ ከመጋረጃ በስተጀርባ እንዲጫወት አደረገ። በመጋረጃው ውስጥ ቀጭኑን ድምፅ የሚያስቀር ማጣሪያ ነበር፤ ማጣሪያው ሲከፈትና ሲዘጋ አድማጩ አያይም። ከአድማጮቹ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ሙሉውን ድምፅ መረጡ። ሕዝቡ የጠላው የድምፁን ስፋት አልነበረም፤ በጊዜው መሣሪያ ሲያልፍ አብሮ ይመጣ የነበረውን መዛባት ነበር። ባለሙያው በአድማጩ ጆሮ የፈረደው መሣሪያውን ሳይመረምር ነው። ሰፊው ሕዝብ ጥራት አይገባውም የሚል ፍርድ በችኮላ ሲሰጥ የኦልሰንን መጋረጃ ማስታወስ ይገባል።

የኢትዮጵያ ዘመናዊ ሙዚቃ ሸክላ የታተመው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት በመንግሥት ድንጋጌ ለሀገር ፍቅር ብቻ ተሰጥቶ ሳለ፣ ወጣቱ አቶ አምሃ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. ድንጋጌውን ተዳፍረው የአለማየሁ እሸቴን ዘፈን አሳተሙ። አገር ለቀው እስከ ወጡበት እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ አምሃ ሬከርድስ ከ100 በላይ ትናንሽ ባለ 45 ዙር ሸክላዎችንና 12 ገደማ ረጃጅም ሸክላዎችን አወጣ። ካይፋ ሬከርድስም ተከተለ። ቀረጻው በአዲስ አበባ፣ ብዙ ጊዜም በተራ አዳራሽ፣ ዘፋኙና ባንዱ ባንድነት እየተጫወቱ የሚከናወን ነበር። ሕትመቱ ግን እንደ ሊባኖስ ባሉ የውጭ አገሮች ይደረግ ነበር።

ዛሬ እነዚህ ሸክላዎች በአውሮጳ፣ በአሜሪካና በጃፓን ሰብሳቢዎች ዘንድ በከፍተኛ ዋጋ ይፈለጋሉ። እ.ኤ.አ. በ1997 የተጀመረው የፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» ተከታታይ ሙዚቃውን ለዓለም ካስተዋወቀ ወዲህ ፈላጊው በዝቷል። ከሚፈለጉበት ምክንያት አንዱ የመጀመሪያው ሕትመት ድምፅ ከኋለኛው ሁሉ ይበልጣል፣ የአዲስ አበባን አየር ይዟል የሚለው እምነት ነው። በሙዚቃው ውስጥ የአዲስ አበባ አየር መኖሩ አያጠራጥርም። በፕላስቲኩ ውስጥ ግን አዲስ አበባ የለችም፤ ፕላስቲኩ የቤይሩት ነው። በየቤቱ ግብዣ፣ በየቡና ቤቱ የሸክላ ሣጥን ውስጥ በከባድ መርፌ መቶ ጊዜ የተፋቀ ሸክላ በመሥመሩ ላይ የነበረውን ቀጭን ድምፅ አብዛኛውን አጥቷል። ሰብሳቢው የሚከፍለው ለታሪካዊው ዕቃ ከሆነ ትክክል ነው፤ ለድምፁ ከሆነ ተሳስቷል። ችግሩ፣ ይህ ስሕተት ዕቃውን ከአገር ማስወጣቱ ነው።

ስለ ሸክላ ከተነገረው ሁሉ በጣም የሚያነጋግረው «ሞቅ ያለ ድምፅ አለው» የሚለው ነው። ሰሚው አልዋሸም፤ ሸክላ የራሱ የሆነ መልክ አለው። ወፍራሙ ድምፅ መርፌውን ከመሥመር እንዳያስወጣ በሕትመት ጊዜ ይገደባል፤ ወደ መሐል በተጠጋ ቁጥርም ቀጭኑ ድምፅ ይደክማል። ሰሚው ይህን መልክ ከልጅነቱ፣ ከወጣትነት ፍቅሩ፣ ምናልባትም ከሞተ ወንድሙ ጋር ለምዶታል። መውደዱን ማንም ሊከለክለው አይችልም። የሚከለከለው ውዴታውን የተፈጥሮ ሕግ ማድረግ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ሜየርና ሞራን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የላቀ ጥራት አለው የተባለውን አዲስ ቀረጻ በተራው የሲዲ ደረጃ እያሳለፉ አድማጮች እንዲለዩት ጠየቁ። በ554 ሙከራዎች ትክክል የተለየው 276 ጊዜ ነበር፤ ሳንቲም ወርውሮ ከመገመት አይበልጥም። በ2016 ደግሞ ራይስ የተባለ ምሁር የ18 ጥናቶችን ከ12,000 በላይ ሙከራዎች ደምሮ ሲመረምር ትክክለኛው መልስ ከመቶ 52.3 ሆነ። ጥቂት ልዩነት አለ ማለት ነው፤ ግን ሰው በጎረቤቱ ላይ የሚፎክርበት ልዩነት አይደለም።

ከ1966 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ሰዓት እላፊው የምሽት ቤቶችን ሲያዳክም፣ ሸክላም ቦታውን ለካሴት ለቀቀ። ካሴት በፊሊፕስ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1963 የቀረበ፣ በመጀመሪያም ለንግግር የታሰበ ዕቃ ነበር። ክሩ በሴኮንድ የሚጓዘው 4.76 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ የስቱዲዮ ክር በዚያው ጊዜ ስምንት እጥፍ ይጓዛል። ክሩ ዝግ ብሎና ጠብቦ ስለሚሄድ ከጀርባው «ሽ» የሚል ድምፅ አይለየውም። ይሁን እንጂ ርካሽ ነው፣ በባትሪ ይሠራል፣ በሹፌር ኪስ ክፍለ ሀገር ይደርሳል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ በቤት ይገለበጣል።

«ኦርጅናል» እና «ኮፒ» የሚለው የአገራችን ታላቅ የድምፅ ክርክር የተወለደው እዚህ ላይ ነው። ከካሴት ወደ ካሴት በተገለበጠ ቁጥር የክሩ ሹክሹክታ ይጨመራል፣ ቀጭኑ ድምፅ ይደበዝዛል፣ የፍጥነቱ መዋዠቅ ይደራረባል። የኮፒ ኮፒ የሰማ ሰው ዘፋኙን ከብርድ ልብስ ውስጥ የሚዘፍን ይመስለው ነበር። ስለዚህ ኦርጅናል ካሴት ይሻላል የሚለው እምነት ሙሉ በሙሉ እውነት ነበር። የሙዚቃ ቤቶችም ሆኑ ድምፃውያን ገቢያቸው በኮፒ ሲመናመን ይህን እውነት ደጋግመው ያስታውሱ ነበር፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 የወጣው ግን በ1996 ዓ.ም. ነው።

ዲጂታል ሲመጣ ግን መሠረቱ ተለወጠ። ቁጥር ሲገለበጥ ቁጥር ነው፤ አንድ ሺኛው ግልባጭ ከመጀመሪያው በምንም አይለይም። ፋይሉ ትንሽ ቦታ እንዲይዝ ሲጨመቅ የሚጠፋ ነገር አለ፤ ይህ ግን የመጨመቅ እንጂ የመገልበጥ ኪሣራ አይደለም። እምነቱ ይህን ልዩነት ሳይጠብቅ ከካሴት ወደ ሲዲ፣ ከሲዲ ወደ ፍላሽ ተሻገረ። ዛሬም «ከኦርጅናሉ ፍላሽ የተገለበጠ» የሚል ሰው ይገኛል። ከላይ ስለ ሸክላ ስም እንደ ተባለው፣ ነገሩ ሄዶ ቃሉ ቀርቷል።

በመሠረቱ ስለ ድምፅ መሣሪያ የሚነገረው ተረት አብዛኛው እንዲህ ያለ ነው፤ ሐሰት ሆኖ አልተወለደም፣ ዕድሜው ሲያልፍ ነው ሐሰት የሆነው። እንደ አምፖል የሚግሉ ቫልቮች ከትራንዚስተር ይሻላሉ የሚለውን እንውሰድ። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የወጡት የመጀመሪያዎቹ የትራንዚስተር ማጉያዎች ድምፁን በዝቅተኛ ጉልበት ላይ ያዛቡት ነበርና ቅሬታው ተገቢ ነበር። ችግሩ ተፈታ፤ ቅሬታው ግን ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1987 «ስቴሪዮ ሪቪው» የተባለው የአሜሪካ መጽሔት እጅግ ውዱንና ርካሹን ማጉያ በእኩል የድምፅ መጠን አድርጎ የትኛው እንደ ሆነ ሳያሳውቅ ሲያሰማ፣ የሚያምኑትም የማያምኑትም አድማጮች ሊለዩ አልቻሉም። «በእኩል የድምፅ መጠን» የሚለው ሐረግ ዋና ነገር ነው። ፍሌቸርና ማንሰን እ.ኤ.አ. በ1933 እንዳሳዩት፣ ድምፅ ሲጎላ ጆሮ ወፍራሙንና ቀጭኑን ይበልጥ ይሰማል። ስለዚህ ጥቂት ከፍ የተደረገው መሣሪያ ምንም ሳይሻል የተሻለ ይመስላል። ይህን ሻጭ ሁሉ ያውቃል፤ ገዢ ግን አያውቅም።

ሽቦም እንዲሁ ነው። ቀጭንና ረጅም ሽቦ ኃይል ያባክናል። ነገር ግን ለቤት መብራት የሚዘረጋውን ባለ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ አምስት ሜትር ቆርጦ ባለ 8 ኦም ስፒከር ቢያገናኙበት፣ በመንገድ የሚቀረው ከመቶ አንድ ተኩል እጅ አይሞላም፤ ይህም ጆሮ ከሚለየው በታች ነው። ወርቅ ጥቅሙ አለመዛጉ ነው፤ የተጠረገ መሰኪያ ያንኑ ሥራ ይሠራል። ሲዲን ጠርዙን በአረንጓዴ ቀለም ቢቀቡት ድምፁ ይጠራል የተባለበትም ጊዜ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1990 ገደማ በአሜሪካ ለዚሁ የሚሆን ብዕር ተሽጧል። በእኛ አገር ጠበል ጠጡ፣ ቡዳ በላው የሚባለውን የሚንቅ የተማረ ሰው፣ ከውጭ በካርቶን ታሽጎ ሲመጣለት ያንኑ ዓይነት ነገር በደረሰኝ ይገዛል።

ስለ ዋት ደግሞ ብዙ መናገር አያስፈልግም። ጂፓስ እየተባለ በሚጠራው ትልቅ የሙዚቃ ማጫወቻ ፊት ላይ በሺህ የሚቆጠር ዋት ተጽፎ ሲገኝ፣ መሣሪያውን አዙሮ ከጀርባው ከመሰኪያው የሚወስደውን ማንበብ ይበቃል። ከግድግዳው መቶ ዋት የሚወስድ ዕቃ ሦስት ሺህ ሊሰጥ አይችልም። የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1974 በማጉያዎች ኃይል ማስታወቂያ ላይ ደንብ ያወጣው እንዲህ ያለው ቁጥር ስለ በዛ ነበር። እውነተኛ ዋት እንኳ ቢሆን እጥፍ ሲደረግ ጭማሪው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ድምፁ እጥፍ ጎላ እንዲባል ኃይሉ አሥር ጊዜ መብዛት አለበት።

በጀሞ ቤቶች ግን ድምፁን ከማናቸውም ይልቅ የሚለውጠው የማይሸጥ ነገር ነው፤ እርሱም ክፍሉ ነው። ውስጡ ክፍት በሆነ ብሎኬት የተሠራ፣ በሲሚንቶ የተለሰነ፣ ወለሉ ባዶ የሆነ አራት ሜትር ክፍል በሴኮንድ 43 ጊዜ ገደማ የሚንቀጠቀጠውን ወፍራም ድምፅ ይዞ ያስተጋባል። ማእዘን ላይ የተቀመጠ አድማጭ ያ ድምፅ ሲያጥለቀልቀው፣ መሐል ወለል ላይ ያለው ከናካቴው ያጣዋል። ወንበርን አንድ ሜትር ማንቀሳቀስ፣ ወፍራም መጋረጃ መስቀል፣ ፍራሽ ከግድግዳ ማስደገፍ፣ በሺህ ብር ሽቦ የማይገኘውን ለውጥ ያመጣል። ሲዲ በጣም ዝቅተኛውንና በጣም ከፍተኛውን ድምፅ በ96 ዴሲቤል ርቀት ይይዛል። የቤተሰብ ጨዋታ፣ የሕፃን ልቅሶና የመንገዱ መኪና በሚሰማበት ቤት ዝቅተኛው ክፍል ሁሉ ይዋጣል፤ ከፍተኛውን ደግሞ ጎረቤት አይፈቅድም። ሌላም አለ፦ ከባሕር ጠለል ከ2,200 ሜትር በላይ በሆነችው አዲስ አበባ አየሩ በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ በመሆኑ ስፒከር ሁሉ ከቆላው ጥቂት ይደክማል። ለዚህ መድኃኒት የሚሆን ሽቦ ገና ለገበያ አልቀረበም።

የበገና ጉዳይ ከዚህ ሁሉ ይልቅ «ታማኝነት» የሚለውን ቃል ይፈትናል። የበገና አሥር ጅማቶች ከብርኩማው ጋር በሚገናኙበት ስፍራ እንዚራ የሚባሉ ትናንሽ የቆዳ ቁራጮች ይገባሉ። ጅማቱ ሲመታ ከቆዳው ጋር እየተነካካ ነዛሪ ድምፅ ይሰጣል፤ በገናን በገና ያሰኘውም ይህ ነው። ይህን የማያውቅ የቀረጻ ሠራተኛ መሣሪያው የተበላሸ ይመስለዋል፤ ድምፁን «ሊያጠራ» ቢነሣ የበገናውን ነፍስ ይቆርጣል። በአንጻሩ በትንሽ ራዲዮ በገና የሚያዳምጥ ሰው፣ ስፒከሩ የጅማቱን ዋና ወፍራም ንዝረት ጭራሽ ማውጣት እያቃተው እንኳ፣ ወፍራም ሆኖ ይሰማዋል። ከእንዚራው የሚወጡትን ከፍተኛ ንዝረቶች ጆሮ ሰምቶ የጎደለውን መሠረት ራሱ ይሞላዋልና። እንግዲህ በገናን የሠሩት አባቶች ድምፁ በደካማ መሣሪያ እንኳ እንዲያልፍ ሳያስቡት አስታጥቀውታል።

ይህ ሁሉ ሲባል ከፍተኛ ቁጥር ሁልጊዜ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ለማዳመጥ የሲዲ ደረጃ ይበቃል፤ ለቅርስ ጥበቃ ግን ዓለም አቀፉ የድምፅና የምስል ቤተ መዛግብት ማኅበር ከዚያ የላቀ፣ በ24 ቢት የሚደረግ ግልባጭን ይመክራል። የነገው ባለሙያ ጭረቱንና ሹክሹክታውን ለይቶ ለማውጣት ትርፍ ዝርዝር ያስፈልገዋል። በጎረቤቱ ሳሎን ከንቱ የነበረው ቁጥር በቤተ መዛግብት ግዴታ ይሆናል። ዩኔስኮና ይኸው ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት ማስጠንቀቂያ፣ በክር ላይ ያለውን ቅርስ ለመገልበጥ የሚቀረው ጊዜ እስከ 2025 ገደማ እንደ ሆነ አስታውቀዋል። ምክንያቱ የክሩ ሙጫ እርጥበት እየሳበ መላላቱ ብቻ አይደለም፤ ክሩን የሚያጫውተው መሣሪያና መለዋወጫው ከምርት መውጣቱ ጭምር ነው።

በጀሞ ቁም ሣጥኖችና አልጋ ሥር በካርቶን የታሰሩ ካሴቶች አሉ። ከእነዚህ ውስጥ በሙዚቃ ቤት የታተሙት ሌላ ቦታ ሊገኙ ይችላሉ። የሠርግ ዘፈን፣ የአያት ትረካ፣ የለቅሶ ቤት ሙሾ፣ ወደ ውጭ ለሄደ ልጅ የተቀረጸ ደብዳቤ ያለባቸው ግን ሌላ ግልባጭ የላቸውም። ስለ ኦርጅናል ክቡርነት የሚከራከረው ቤተሰብ እነዚህን «ጥራት የላቸውም» ብሎ ይጥላቸዋል። ወይም ባገኘው ቴፕ አጫውቶ ወደ ስልክ ይገለብጥና ካሴቱን ይጥላል። የቴፑ ቺንጋ የላላ ከሆነ ክሩ ዝግ ይላል። ፍጥነቱ ከመቶ ስድስት ቢቀንስ ዜማው በግማሽ ድምፅ ይወርዳል፤ በቅኝቱ ውስጥ ያለው ርቀት ባይፈርስም የድምፃዊዋ ዕድሜና መልክ ይለወጣል፤ የሃያ ዓመቷ ልጅ የአርባ ዓመት ሴት ሆና ለልጅ ልጆችዋ ትተላለፋለች። ካሴቱ ከተጣለ በኋላ ይህን የሚያርም የለም።

ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ዕቃ ውድ አይደለም። ቺንጋው ይለወጣል፤ የቴፑ ሄድ በአልኮል ይጠረጋል፤ ፍጥነቱ መጠኑ በታወቀ ድምፅ ይለካል። ከዚያ የ60 ደቂቃው ካሴት ለ60 ደቂቃ ይጫወታል፤ አንድ ሰውም አጠገቡ ተቀምጦ እስከ መጨረሻው ያዳምጣል።